መስመሩ ሰው የነበረ ጊዜ

በቅርቡ ፍኖተ ሰላም አንድ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የቀድሞ አለቃዬ ሲናገር ሰማሁ። ስሙን አልጽፍም። እሱ ራሱን ያውቃል፤ እዚህ ላይ «ኃላፊው» እለዋለሁ። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ልማት ብዙ ካወራ በኋላ፣ የገጠሩ ሰው በስልክ እርስ በርሱ የሚጨዋወትበትን የድምፅ መስመር እንዳቋቋመ አነሳ። «በጣም ጥሩ እየሄደ ነበር፤ በአንዲት ሠራተኛ ቸልተኝነት ተዘጋ» አለና ውሃውን ጠጣ። ሰዉ አጨበጨበ።

ያቺ ሠራተኛ እኔ ነኝ። ይታይሽ እባላለሁ። ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ተነስቼ መናገር አቅቶኝ አይደለም፤ እንጀራዬን በድምፄ የበላሁ ሴት ነኝ። ግን ያረጀች ሴት አዳራሽ ውስጥ ስትጮህ ሰው የሚያየው እርጅናዋን ነው። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋቱ ረጅም ነው፤ ለቂምም ለትዝታም ይበቃል።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ ነው፣ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ በእጅ በሚያያዘው ስልክ ቤት። የዛሬ ልጆች ያን ዓይነት ስልክ አያውቁትም። ደዋዩ መጥቶ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። እኛ ገመዱን ሰክተን ደንበጫን እንጠራለን፣ ደንበጫ ደብረ ማርቆስን ትጠራለች፣ ደብረ ማርቆስ አዲስ አበባን። መልሱ ያን ሁሉ ተራራ ዞሮ ሲደርስ ድምፁ እርጥብ ይመስለኝ ነበር፤ ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ነዋ። ክረምት ላይ ቡሬ ጉም ሲገባባት በመስኮቱ ምንም አይታይም። ያኔ ማዳመጫውን አድርጌ ስቀመጥ፣ ሰው የሌለበት፣ ድምፅ ብቻ የሚኖርበት አንድ አገር ከጉሙ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ድምፆቹ እዚያ ይወለዳሉ፣ ያረጃሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። እኔ የዚያ አገር በረኛ ነበርኩ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የስልክ ቤቱ ሹም ጋሽ ፈንታሁን ናቸው። የአዊ ሰው ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳሉ፣ የሚቆጡት ግን በዝምታ ነበር። ማዳመጫውን የሚያደርጉት ግራ ጆሯቸው ላይ ብቻ ነው። «ቀኙ ፊቴ ለቆመው ሰው ነው» ይሉኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት የመናገሪያውን አፍ በሎሚ ቅጠል ያሹታል። ድምፅ አይረሱም። አንድ ጊዜ የደወለ ሰው ከዓመት በኋላ ሲመጣ፣ ገና ቁጥሩን ሳይናገር፣

«ያች በቅሎ ተገኘች?» ይሉታል።

ሰውየው ይደነግጣል፣ ከዚያ ይስቃል፣ የበቅሎዋን ታሪክ ያወራል። ከዚያ ወዲያ መንደሩ ስልክ ቢገባ እንኳ ቡሬ ድረስ መጥቶ ነው የሚደውለው። ሳይመጣ የሰነበተ ደንበኛ ካለም ዝም አይሉም፤ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ሲያገኙ «ፈንታሁን ሰላም ብሎሃል በለው» ብለው ይልካሉ። ለምን ቀረህ ግን አይሉም። «የቀረ ሰው ምክንያት አለው፤ ምክንያቱን ከጠየቅሽው ሁለተኛ ይቀራል» ይሉኝ ነበር።

ሞት የያዘ ጥሪ ሲመጣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ቶሎም አያገናኙም። መጀመሪያ ዘበኛውን ወደ ሰውየው ጎረቤት ይልካሉ። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ባለመርዶው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ደጁን ሞልቶ ነው። የሚወድቅ ሰው የሚይዘው ክንድ ያስፈልገዋል። ለቅሶውም የእሱ ብቻ አይሆንም፤ መንደሩ ከኋላው ሆኖ ነው ወደ ሟች ቤት የሚገባው። አንድ ቀን አንድ የመንግሥት ሹም መስመሩ ላይ ሆኖ «አሁኑኑ አገናኘኝ!» እያለ ሲጮህባቸው ጋሽ ፈንታሁን ድምፃቸውን ሳያነሱ፣

«ጌታው፣ ሽቦው ዝግጁ ነው፤ ሰውየው ዝግጁ አይደለም» አሉት።

በዚህ መልሳቸው ምክንያት የደረጃ ዕድገታቸው ታለፈ ይባላል። እሳቸው አንድም ቀን አላነሱትም። እኔ ግን አልረሳሁም፤ የሌላ ሰው ቂም መያዝ ይቀለኛል።

ከዚያ ያለ ሰው እጅ ራሱ የሚያገናኘው አውቶማቲክ ስልክ መጣ። ጋሽ ፈንታሁን ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔን ወደ ፍኖተ ሰላም አዛውረው የደንበኛ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። እዚያ የነበረው አለቃ ሴት ሠራተኛ ስታወራ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነበር። ሞባይል ሲስፋፋ «ትርፍ ሠራተኛ» ከተባሉት ስሞች መካከል የእኔን ከላይ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ተሰናበትኩ። የመስኮቱን ደመወዝ አላወራም፤ የሚወራ አልነበረም።

ኃላፊው ወደ ቤቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ያመጣው ፕሮጀክት ነበር። ኃላፊው ያኔ ወጣት ነው፣ ከባሕር ዳር የመጣ፣ ፈጣን፣ ሰው የሚያከብር። ሐቁን ላለመደበቅ፣ ሐሳቡ የሱ ነው፤ ጥሩ ሐሳብም ነበር። ማንበብ የማይችል ሰው ኢንተርኔት የለውም፤ ስልክ ግን አለው። ወደ መስመሩ ደውሎ ወዲያው ይዘጋል። መሣሪያው ራሱ መልሶ ይደውልለታል፣ ሂሳብ አይቆጥርበትም። ከዚያ ሌሎች የተናገሩትን ይሰማል፣ የራሱንም ይናገራል። ሌላው ሰምቶ ይመልስለታል። ፍኖተ ሰላም ያሉት ከሽንዲ ጋር፣ ቡሬ ያሉት ከማንኩሳ ጋር። የእኔ ሥራ የገባውን ድምፅ እየሰማሁ የሚወጣውን ማውጣት፣ የማይወጣውን ማስቀረት ነበር።

መጀመሪያ ሰው እንደ ጎርፍ መጣ፣ እንደ ጎርፍም ሄደ። ኃላፊው በየገበያው በድምፅ ማጉያ ያስነግራል፤ ቅዳሜ ሰው ይደውላል፣ ሰኞ የለም። እሱ ማስታወቂያው ያነሰ መሰለው። እኔ ተቀምጬ የገቡትን ድምፆች ሰማኋቸው። ሁሉም ሰላምታ ነበሩ። «እንዴት ሰነበታችሁ፣ ደኅና ናችሁ ወይ፣ ልጆች ደኅና፣ ከብቱ ደኅና...» ይሉና ዝም ይላሉ። ዝምታው ረጅም ነው፤ ከበስተጀርባ ዶሮ ይጮኻል፣ ነፋስ ይሰማል። መልስ እየጠበቁ ነው። መሣሪያው አይመልስም። ሰላም ብሎ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ ደጅሽ አይመጣም።

ስለዚህ እኔ መለስኩ። ለእያንዳንዱ፣ በስሙ፣ በሰላምታው ልክ። ኃላፊው ሰላምታው ጊዜ ይፈጃል፣ ይቆረጥ ሲል፣ «እሱን ከቆረጥነው ምን ይቀራል?» አልኩት። ተወው። ቀስ በቀስ እነሱም መመለስ ጀመሩ። ከቡሬ አንዲት ሴት ዶሮዬ አመማት ስትል፣ ከማንኩሳ አንዱ አመድና ነጭ ሽንኩርት ይላታል፤ ሌላው ደግሞ «ዶሮዋን ትተሽ ድመቷን ጠርጥሪ» ይላታል። አዲስ የመጣን ሰው ቀድሞ የሚቀበል ሰው ለየሁ። ብቻውን ሊያወራ የሚፈልገውን አንድ ፎካሪ ሽማግሌ አላባረርኩትም፤ ቅዳሜን ሰጠሁት፣ ቅዳሜ የሱ ሆነች። የሚያደምጡ እንጂ የማይናገሩ ነበሩ፤ እስትንፋሳቸው ብቻ ይገባል። እነሱን ተናገሩ ብዬ አላስጨነቅኋቸውም። ሴት ልጅ ስትናገር ከኋላ ተከትሎ የሚያላግጠውን ጎረምሳ ግን በር ላይ ነው የምመልሰው፤ ማን እንደመለሰውም አያውቅም።

መስመሩ በወረቀት ላይ ረጅም ስም ነበረው። ሕዝቡ «እትየ ዘንድ» አለው። «ትናንት እትየ ዘንድ ደውዬ» ይላሉ። ኃላፊው አልወደደውም። እኔ ደስ አለኝ ብዬ አልዋሽም፣ አልከፋኝም ግን።

የወረዳው የማስታወቂያ ሰው ጉዱን ሰማና መጣ። የስብሰባ ጥሪና የማዳበሪያ ዕዳ መጀመሪያ ይነገር አለ። በራሱ ድምፅ ተነገረ። ሰዉ «ስብሰ—» የሚለውን ሲሰማ ይዘጋል። ሰውየው የሱ ድምፅ ስለተጠላ እኔን ጠረጠረ፤ በየስብሰባው «እዚያ መስመር ላይ ምን እንደሚወራ እናውቃለን» እያለ ለወራት አስፈራራኝ። በኋላ መላ ያገኘሁለት በአትጠገብ ነው።

አትጠገብ ሽንዲ የምትኖር የበርበሬ ገበሬ ሚስት ናት። እናቷ ማንኩሳ አጠገብ ካለ ቀበሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ሽንዲ ድረስ መሄድ አይችሉም። ወንድማቸው አያ ደርበው ጠዋት ጠዋት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይይዝላቸዋል፤ እሳቸው የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። አትጠገብም ይህን ስለምታውቅ አንድም ቀን አትቀርም። እናቷን ለማሳቅ የጀመረችው እንቆቅልሽ ነው መስመሩን ሙሉ የያዘው።

«እንቆቅልሽ!» ትላለች። «ቀይ ለብሳ ፀሐይ ትሞቃለች፤ የነኳት ቀን ቤተ ሰቡን ሁሉ ታስለቅሳለች።»

መልሱ ነገ ነው። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ቀኑን ሙሉ አገር ሲሰጥ ይውላል።

«አላወቅሁም፤ ቡሬን ውሰጂ» ይላል የቡሬው እህል ነጋዴ። «ግብሯንም አብረሽ ውሰጅልኝ።»

«ቡሬ ገብቼ ምን አጥቼ! ጠጇን ጠጥቼ፣ ነጋዴዋን ሽጬ፣ በትርፉ ነጠላ ገዝቼ...»

«ልጄ፣ እኔ ማንኩሳን አልሰጥም» ይላል ያ የቅዳሜው ሽማግሌ። «ምሽቴ እዚያ አለች።»

«አባባ፣ ምሽትዎን ይዘው ይውጡ፤ እኔ የምፈልገው አገሩን ነው!»

በማግሥቱ በርበሬ መሆኗን ስትናገር፣ በየደጁ በርበሬ ያሰጣው አገር ሁሉ በራሱ ይስቃል። እኔም የወረዳውን ስብሰባ በእንቆቅልሹና በመልሱ መካከል አስገባሁት። ማንም አልዘጋም። የማስታወቂያው ሰው ድምፁ የተወደደለት መስሎት አመሰገነኝ።

የዚያን ጊዜ ሌሊቱን ሳይቀር በሕልሜ እሰማቸው ነበር። ፊት የሌላቸው ሰዎች ሰፊ መስክ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ እኔ በመካከላቸው እሄዳለሁ፣ ማንም አያየኝም፣ ሁሉም ያውቀኛል። ከዚያ በላይ ደስታ ነበረኝ ማለት አልችልም። ባል ነበረኝ፣ አልዘለቅንም፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ችግሩ የመጣው አጨዳ ላይ ነው። አጨዳና ውቂያ ሲሆን መስመሩ ጸጥ ይላል። ሰው ማሳ ላይ ነው፤ ሲመሽ ደክሞ ይተኛል። ኃላፊው በኮምፒውተሩ የሚያየው የደዋዩን ብዛት የሚያሳይ፣ ቁልቁል የሚወርድ መስመር ነው። ገንዘብ የሚሰጡት እንግዶች ሊጎበኙ ቀን ቆርጠዋል።

«ወይዘሮ ይታይሽ፣ ሰዉ እስኪመጣ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነው የሚሉት?»

«አዎ። አጨዳ ነው፤ ሲጨርሱ ይመጣሉ።»

«ለእንግዶቹ አጨዳ ነው ልበላቸው?»

«ቢሏቸው ምን ነውር አለው? እነሱ አገር እህል አይታጨድም?»

ሳቀ። ግን አልተወውም። ከባሕር ዳር ባለሙያ አስመጣና አዲስ ነገር አስገባ፦ ከዚህ ወዲያ ሰው እስኪደውል አይጠበቅም፣ መስመሩ ራሱ በየማለዳው ይደውላል፤ ማታ የገባውን አዲሱን ድምፅ ይዞ፣ ብዙ ለሚያዳምጡት አስቀድሞ። እኔ ቢሮ የምገባው ረፋዱ ላይ ነው። ድምፁ በእኔ ጆሮ ሳያልፍ ይወጣል ማለት ነው።

«ያልተሰማ ቃል ደጅ አይወጣም» አልኩት።

«አዲስ ነገር ነው ሰውን የሚመልሰው» አለኝ። «እርስዎ እስኪሰሙት ያረጃል።»

በቃል ነገርኩት፤ ደግሜም ነገርኩት። ባለሙያውም ሰምቷል። ይህን የምጽፈው ኃላፊው ሲያነበው እንዲያስታውስ ነው።

ለጥቂት ጊዜ ሠራለት። ሰው ማለዳ ስልኩ ሲጠራ ማሳ ሳይወርድ ያነሳል። በኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመር ቀና አለ። ኃላፊው ሻይ ጋበዘኝ።

ከዚያ የአትጠገብ እናት አረፉ። ማታ ነው። ወንድማቸው አያ ደርበው ሽንዲ የሚልከው ሰው እስኪደርስ ቀብር ያልፋል። የሽንዲ ሽማግሌዎችን ቁጥር አያውቅም። ሲጨንቀው የሚያውቀውን አደረገ፤ «እትየ ዘንድ» ደወለ። ያ ሁሉ ጊዜ ለእህቱ ስልክ ሲይዝ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም። ያን ማታ ለእኔ ተናገረ፣ በር አንኳኩቶ ለጎረቤት እንደሚናገር ሰው፦

«እትየ ይታይሽ፣ እንዴት ዋሉ። የማንኩሳው ደርበው ነኝ። እህቴ አርፋለች። አደራዎን ለአትጠገብ እንዳያሰሟት። ለሽንዲ ሽማግሌዎች ይንገሩልኝ፤ ማለዳ ሄደው በወጉ ይንገሯት። እግዜር ይስጥዎ።»

ማለዳ መስመሩ ደወለ። ብዙ ከሚያዳምጡት ሁሉ ፊተኛዋ አትጠገብ ናት።

ባሏ አውድማ ሄዷል። እሷ የበርበሬ ማስጫው ላይ ብቻዋን ነበረች። በኋላ እንደነገረችኝ፣ የአጎቷን ድምፅ ስትሰማ ሳቀች። «አያ ደርበው ደፈረ! አገር ሊሰጠኝ ነው!» ብላ ነው የሳቀችው። ሳቋን ሳትጨርስ ሰማችው።

እንደቆመች ሄደች። ለማንም አልተናገረችም፤ ነጠላ እንኳ አልያዘችም። የበቆሎ ጭነት መኪና መንገድ ላይ አገኛት፤ ሾፌሩ ሁኔታዋን አይቶ ዝም ብሎ ጫናት። ማንኩሳ ስትደርስ ሬሳ ሊወጣ ነው። ሴት ልጅ ለእናቷ ለቅሶ መንደሯን ከኋላዋ አስከትላ፣ በሽማግሌ ተደግፋ ነው የምትገባ። አትጠገብ እንደ መንገደኛ ብቻዋን ገባች። ለቅሶተኛው ማን እንደሆነች እስኪለይ ድረስ መንገድ አልለቀቀላትም።

እኔ ረፋዱ ላይ ገብቼ ማዳመጫውን አደረግሁ። የአያ ደርበውን ድምፅ ሰማሁ። ከድምፁ ጎን «ተልኳል» ይላል። ሽንዲ ለአትጠገብ ደወልኩ። ስልኳ ጠራ፣ ጠራ። በዚያ ጥሪ መካከል የስልክ ቤቱ ጉም እንደገና የገባብኝ መሰለኝ፤ ከጉሙ ውስጥ ግን ማንም አልመለሰም።

ኃላፊው ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መጀመሪያ ሰው ነበር፤ ይህንንም እጽፍለታለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ሆኖ መጣ።

«እርስዎ ነዎት መስመሩ ሰው ነው ብለው ያሳመኗቸው። መሣሪያ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ሰውየው እንዲህ ብሎ አይናገርም ነበር።»

እውነት የነካው ቃል ነው፤ ስለዚህም ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት። መሣሪያ መሆኑን ቢያውቁ ኖሮ ግን መጀመሪያውኑ ማን ይመጣ ነበር? በዚያው ሳምንት ለበላይ ሲያስረዳ ድምፁን ያሳለፍኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገረ። እኔን ደግሞ ስለ መሣሪያው አሠራር ለውጭ ሰው እንዳልናገር አስጠነቀቁኝ። ዝም አልኩ። ገበያ ስወጣ ሴቶች ዓይናቸውን ሰበሩ። አንዷ ለሌላዋ ስትል ሰማሁ፦ «መርዶ በስልክ የላከች እሷ ናት።»

ከዚያ ወዲያ ማንም ተሳድቦ አልሄደም። እንዲሁ ቀሩ። ማለዳ ስልክ ሲጠራ ሰው ፈራ፤ አያነሳም። ያ በሕልሜ የማየው መስክ ባዶ ሆነ፤ ሣሩ ሰው እንደተቀመጠበት ተኝቶ ቀረ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ ኃላፊው ጠራኝ።

«ሕዝቡ የሚያምነው የእርስዎን ድምፅ ነው። በድምፅዎ ይቅርታ ይጠይቁ። ‹ስህተቱ የእኔ ነው፣ ተመለሱ› ይበሉ። ይመለሳሉ። እንግዶቹም እያሉ ቢቀዳ ጥሩ ነው። አለዚያ ፕሮጀክቱ ይዘጋል።»

ያልሠራሁትን ሠራሁ ብል መስመሩ ይድናል፤ ስሜ ግን በገዛ አፌ ይቀበራል። አልልም ብል መስመሩ ይሞታል፤ ስሜም ቢሆን ገበያ ላይ እንደተጣለ ይቀራል። አስብበታለሁ ብዬ ሽንዲ ሄድኩ።

አትጠገብ ጥቁር ለብሳ ከደጇ ተቀምጣ አገኘኋት። ድምፇን እንጂ መልኳን አላውቅም ነበር፤ ቀጭን ናት፣ በድምፇ ወፍራም ትመስለኝ ነበር። እሷም አይታኝ አታውቅ። «እግዜር ያጥናሽ» ስል ቀና አለች።

«እትየ!» አለች።

«እኔ አይደለሁም ያሳለፍኩት» አልኳት። ያን ያህል ብቻ ነው የተናገርኩ።

«እርስዎ መሆንዎን ባምን ኖሮ ደጄ ይቆሙ ነበር?»

ሐሳቤን ነገርኳት፤ ኃላፊው ምን እንደሚፈልግ፣ ካልሆነም መስመሩ እንደሚዘጋ። መሬቱን በጣቷ እየጫረች ሰማችኝ።

«ይቅርታው በዚያው በስልኩ ነው የሚነገር?»

«አዎ።»

«እንግዲያስ እናቴ ሁለተኛ በስልክ ልትሞት ነው» አለች። «እትየ፣ እኔን ያቃጠለኝ ስልኩ አይደለም። የሰማሁትን በማንም አፍ ብሰማው ያው ነው። ብቻዬን መግባቴ ነው። እናቴ ‹ልጄ አገር ሙሉ ሰው አላት› እያለች ነበር የምታወራ። ሰው እንደሌላት ሆኜ ቀበርኳት።»

የሽንዲ ሰው ለቅሶውን ስላልደረሰ በአርባው ሊሄድ ነው አለችኝ። በወጉ፣ እንደ መጀመሪያ ቀን፣ ሁሉም ከኋላዋ ሆኖ።

«እርስዎም ይምጡ። ከለቅሶ ደራሹ ጋር አይቁሙ፤ ከእኔ ወገን ይሁኑ።»

አርባው የዋለው እንግዶቹ በሚመጡበት ቀን ነበር። ለኃላፊው ነገርኩት። «ግድ የለም፣ መኪና እልካለሁ፤ ድምፅዎን ሰጥተው ይመለሳሉ» አለኝ። እምቢ አላልኩትም፤ እሺም አላልኩትም።

የሽንዲ ሰው ከማንኩሳ በታች ከመኪና ወርዶ አስፋልቱ ዳር ተሰበሰበ። ጠዋቱ ገና ነው፤ ከማሳው ላይ ስስ ጉም ይነሳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ቀጥ አደረጉ። አትጠገብን መካከል አስገብተው ግራና ቀኝ ያዟት። እኔን ከኋላዋ አቆመችኝ። ልንነሳ ስንል ሌሎች መጡ፤ ከቡሬ በኩል ጥቂት፣ ከፍኖተ ሰላም በኩል ጥቂት፣ ከየጎጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። የአንዳቸውንም ፊት አላውቅም። ለቅሶው ሲጀመር ግን ማን ማን እንደሆኑ አወቅሁ። ያ የቡሬው ነጋዴ ነው። ያች ዶሮዋ የታመመችባት ናት። ያ ወፍራም ድምፅ የቅዳሜው ሽማግሌ ነው፤ እንዲህ አጭር ሰው አይመስለኝም ነበር። አንዲት ሴት ድምፅ ሳታወጣ ብቻ ትተነፍሳለች፤ እስትንፋሷንም አወቅሁት። ያ የሕልሜ መስክ ተነስቶ በእግሩ ይሄድ ነበር።

አስፋልቱን ሞልተን ስንሄድ ከኋላችን መኪና ጥሩንባ ነፋ። የቢሮው መኪና ነው። ሾፌሩ አንገቱን አወጣና፣

«እትየ ይታይሽ! እንግዶቹ ደርሰዋል! ኃላፊው ቶሎ ይምጡ ብለዋል!» አለ።

ነጋዴው ሳይዞር፣ «ለቅሶ ደራሽ ከሆነ ከኋላ ይሰለፍ፤ ካልሆነ ጥሩንባውን ይተወው» አለው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ነፋ። ማንም መንገድ አልለቀቀም። እኔም አልዞርኩም። አትጠገብ ግን ዞረች፤ እኔ እንዳለሁ አየችና ወደ ፊቷ ተመለሰች። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ሲጠፋ ሰማሁ፤ በሩ ተዘጋ። ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ከወንዶቹ መጨረሻ ገብቶ ተከተለን።

አያ ደርበው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ በሁለት እጁ ግንባሩን ያዘ። መንገዱ ተለቀቀ፤ አትጠገብ በመንደሯ ተደግፋ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ። ሰው እየመጣ ጉልበቷን ነክቶ «እግዜር ያጥናሽ» ሲላት ቀጥሎ ወደ እኔ ይዞራል፤ «እርስዎንም ያጥናዎ» ይለኛል። ገበያ ላይ ዓይኗን የሰበረችብኝም ሴት መጥታ አለችኝ።

እንግዶቹ ጠብቀው ሄዱ አሉ። መስመሩ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ኃላፊው ያን ቀን መኪናው ውስጥ ብገባ ይድን ነበር ሲል ይኖራል። አይድንም ነበር። ያን ቀን ድምፄ ጥርቅም ብሎ እስኪዘጋ ድረስ አልቅሻለሁ፤ ቢወስዱኝም የሚቀዳ ድምፅ አያገኙም ነበር።